የጨርቅ ዳይፐር በቤታችሁ፦ አሰፋፉ፣ አስተሳሰሩ፣ ከሁሉም በላይ አስተጣጠቡ

ልጄን በጨርቅ እንደማሳድግ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሽታውን እንዴት ቻልሽው?» ቀጥሎ «ውሃውንስ ከየት ታመጪያለሽ?» ይመጣል። በስልክም፣ ደረጃ ላይም፣ አራስ ጥየቃ ሄጄም መልሻለሁ። ዛሬ ሁሉንም አንድ ቦታ ልጻፈው።

የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ በበርሜልና በጀሪካን አጠራቅማለሁ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የለኝም። ልጄ አሁን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆኗታል። ከታች የምታነቡት በዚህ ቤት ተሞክሮ የሠራው ነው።

ጨርቅ ሞክረው የተዉ እናቶችን ጠይቄ አውቃለሁ። ስፌቱ ያስቸገራት የለችም። ያማረራቸው እጥበቱ ነው። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ቶሎ ብዬ አልፈዋለሁ፤ እጥበቱ ላይ ግን እቆያለሁ።

ስንት ጨርቅ ይበቃል?

አራስ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይቀየርለታል። ሦስት አራት ወር ካለፈው በኋላ ወደ 6 ወይም 8 ይወርዳል። በየሁለት ቀኑ ለማጠብ 20 ጨርቅ ይበቃችኋል። ለአራስ 24 ቢሆን እፎይ ትላላችሁ።

ቁጠባው ስንት እንደሆነ ለማወቅ በራሳችሁ ቤት አስሉት። በቀን 6 የሚጣል ዳይፐር ማለት በወር 180 ነው። አንዱ የሚሸጥበትን ዋጋ በ180 አባዙት። ከዚያ የጨርቁንና የሳሙናውን ወጪ ከጎኑ ጻፉት። እነዚያ 180 ዳይፐሮች ደግሞ ፕላስቲክ ስላለባቸው አይበሰብሱም። ወይ ቆሻሻ መጣያ ይከማቻሉ፣ ወይ ወንዝ ዳር ይወድቃሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ አቡጀዲ ወይም ሌላ ንጹሕ ጥጥ፣ 8 ሜትር። ያረጀ ነጠላና የጥጥ አንሶላም ግሩም ነው። እንዲያውም ብዙ የታጠበ ጨርቅ ከአዲሱ ይበልጥ ይመጣል።
- ያረጁ የጥጥ ከናቴራዎች፣ ለገበርና ለመጥረጊያ።
- ከ4 እስከ 5 ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን (የተገዛ ወይም የተሰፋ)።
- ራሱ ላይ መሸፈኛ ያለው መርፌ ቁልፍ፣ 6 ፍሬ።
- ጥብቅ ክዳን ያለው ባልዲ አንድ፣ ሳፋ ሁለት።
- የዱቄት ሳሙና፣ የእጅ ጓንት፣ ለማማሰያ የሚሆን የእንጨት ዱላ።
- የማስጫ ገመድና መቆንጠጫ።

ጨርቁን ስትገዙ ነጋዴው «ጥጥ ነው» ቢላችሁ እንኳ ሞክሩት። ከጫፉ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ አመዱም በጣት ሲፈጭ ይበናል። ቴትሮን ካለበት ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ቴትሮን ሽንት አይመጥም፤ በጎን ያፈሰዋል።

ደረጃ 1፦ ሳትቆርጡ እጠቡት

አዲስ ጥጥ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ ስታርች ያለ ማጠንከሪያ አለው። ይህ እስኪለቅ ድረስ ውሃ አይመጥም። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡትና በየመሀሉ አድርቁት። ጥጥ ስለሚሰበሰብም ከመቁረጥ በፊት መታጠቡ ግድ ነው። እንዲያ ካልሆነ አራት ማዕዘን ብላችሁ የሰፋችሁት በመጀመሪያው እጥበት ይጣመማል።

መድረሱን ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ወዲያው ከጠፋ ደርሷል። ጨርቁ ላይ ቁጭ ካለ አልደረሰም፣ ድገሙት።

ደረጃ 2፦ ቁረጡና ጠርዙን ስፉ

የታጠበውን ጨርቅ ወርዱን ለሁለት ክፈሉት። ርዝመቱን በየ75 ሳንቲ ሜትር ቁረጡት። ጠርዙ ሲታጠፍና ሲሰፋ ወደ 70 በ70 የሚጠጋ ጨርቅ ይወጣችኋል። ከ8 ሜትር 20 ይገኛል። መኪና የሌላችሁ ሰፈር ውስጥ ላለ ልብስ ሰፊ ስጡት፤ ጠርዝ መስፋት ብቻ ስለሆነ ብዙ አያስከፍልም።

ድርብ አድርጎ ወፍራም መስፋት ለምን አልመረጥንም? ወፍራም ጨርቅ መሀሉ አይጸዳም፣ ቶሎም አይደርቅም። ባለ አንድ ንብርብሩን ልጁ ላይ ስታስሩት ታጥፉታላችሁ፣ ስታጥቡት ትዘረጉታላችሁ። በእጅ ለሚያጥብ ሰው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

ደረጃ 3፦ ገበርና ሽፋን

ገበር፦ ከናቴራውን 15 በ30 ሳንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ 20 ያህል አዘጋጁ። ከናቴራ ጠርዙ ስለማይተረተር መስፋት አያስፈልገውም። ገበሩ ሰገራውን ይይዛል፣ ዋናው ጨርቅ ብዙ አይቆሽሽም። ከዚሁ ጨርቅ ትንንሽ ቁራጭ አድርጋችሁ ለብ ባለ ውሃ እየነከራችሁ ብትጠርጉ የሚጣለውን እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት መግዛት ትተዋላችሁ።

ሽፋን፦ ባለ ቁልፍ ወይም ባለ ማጣበቂያ የሆነው የሚታጠብ ዳይፐር ሽፋን በየሱቁ አለ። መስፋት ለሚፈልግ ደግሞ ሰልባጅ ተራ ሄዶ ፍሊስ የሚባለውን ለስላሳ ፀጉራም ሹራብ መምረጥ ነው። ፍሊስ እርጥበቱን ቶሎ ወደ ውጭ አያወጣም፣ አየር ግን ያሳልፋል። አንድ የሚጣል ዳይፐር ዘርግታችሁ በላዩ ላይ አስቀምጡ። በዙሪያው 3 ሳንቲ ሜትር ጨምራችሁ ቁረጡ። የእግሩ ቦታ ላይ ላስቲክ አስገቡ፣ ወገቡ ላይ ማጣበቂያ ስፉ።

ሽፋን በየቅያሬው አይታጠብም። ሰገራ ካልነካው ወይም በጣም ካልራሰ አናፍሳችሁ በሚቀጥለው ቅያሬ መልሳችሁ ተጠቀሙበት። አንዱ ሲናፈስ ሌላውን ማልበስ ነው።

ደረጃ 4፦ ማጠፍና ማሰር

ሁለት አስተጣጠፍ ይበቃችኋል።

የመጀመሪያው ለጥፍ ነው። ጨርቁን ለአራት እጠፉት፤ 35 በ35 ይሆናል። ከዚያ ለሦስት እጠፉት። ጠባብ፣ 12 ንብርብር ያለው ለጥፍ ይወጣል። ሽፋኑ ላይ አስቀምጣችሁ ሽፋኑን መዝጋት ብቻ ነው። መርፌ ቁልፍ አያስፈልገውም። እኔ ቀን ቀን የምጠቀመው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሰገራቸው ቀጭን ለሆነ ሕፃናት ይሻላል። ጨርቁን ከጥግ ወደ ጥግ እጠፉት። መሀሉ ላይ ሌላ የታጠፈ ጨርቅ ጨምሩ። ልጁን አስተኙበት፣ የታችኛውን ጫፍ በእግሮቹ መሀል ወደ ሆዱ አምጡ፣ ሁለቱን ጎኖች በላዩ ላይ አጋጥማችሁ በመርፌ ቁልፍ ያዙት። ቁልፉን ስትወጉ ሌላኛው እጃችሁ በጨርቁና በልጁ ሆድ መሀል ይሁን። ቢስት የሚወጋው የእናንተን ጣት ነው።

ወንድ ከሆነ ተጨማሪውን እጥፋት ወደ ፊት አድርጉት፣ ሴት ከሆነች መሀል ላይ። እትብቱ ላልወደቀ አራስ ጨርቁን ከእትብቱ በታች ዝቅ አድርጋችሁ እጠፉ፤ ማድረቂያው አየር ነውና።

ሁለት ጣት ወገቡ ላይ የሚገባ ከሆነ ልክ ነው። እግሩ ላይ ቀይ መስመር ከተወ ጠብቋል። በየሁለት ወይም ሦስት ሰዓቱ ቀይሩ። ሰገራ ከሆነ ወዲያው።

ደረጃ 5፦ የቆሸሸውን ማስቀመጥ

የሽታው ጥያቄ መልስ እዚህ አለ። ትኩስ ሽንት ይህን ያህል አይሸትም። የሚሸተው የቆየ ሽንት ነው፤ ባክቴሪያ በውስጡ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይቀይረዋል። አፍንጫ የሚሰነፍጠው እሱ ነው፣ የልጁን ቆዳ የሚያቀላውም እሱ ነው።

ስለዚህ፦

1. ሰገራውን ወዲያው ሽንት ቤት አራግፉት። የቀረውን በጆግ ውሃ እያፈሰሳችሁ እዚያው አስለቅቁት። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሰገራ በውሃ ቶሎ ይለቃል። ምግብ ሲጀምር ጠጠር ስለሚል ማራገፉ ይቀላል።
2. የሌሊቱን ጨርቅ ጠዋት በትንሽ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት። ሌሊቱን ሙሉ የቆየ ሽንት ስለሆነ ከሁሉም በላይ የሚሸተው እሱ ነው።
3. የቀኑን ጨምቃችሁ በደረቁ ባልዲ ውስጥ አስቀምጡና ክዳኑን ግጠሙ። ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩ። የዘፈዘፋችሁት ውሃ ራሱ የባክቴሪያ ማራቢያ ይሆናል፣ ለልጅም አደገኛ ነው።
4. ከሁለት ቀን በላይ አታስቀምጡ።

ደረጃ 6፦ ማጠብ

ለ20 ጨርቅ ወደ 40 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። በአራት ዙር እያንዳንዱ 10 ሊትር ነው።

አንደኛ፣ ቀዝቃዛ ውሃ። ያለ ሳሙና ጨርቁን ዘርግታችሁ እሹትና ጭመቁት። ለምን ቀዝቃዛ? ሙቅ ውሃ መጀመሪያ ካገኘው የሰገራው ፕሮቲን ጨርቁ ላይ ይጠነክራል፣ እድፉም ይጸናል። ይህን ውሃ ሽንት ቤት ድፉት። ጎመንም ሆነ ሌላ አትክልት አታጠጡበት።

ሁለተኛ፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና። 6 ሊትር የፈላ ውሃ ከ4 ሊትር ቀዝቃዛ ጋር ቀላቅሉ፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና አሟሙበት። ጨርቁን ክተቱና በዱላ አማስሉት። እጅ ስለማይችለው ሃያ ደቂቃ ተዉት። ለብ ሲል ጓንት አድርጋችሁ እሹት። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጨርቅ ከጨርቅ ጋር ሲፋተግ ነው የሚጸዳው፣ ሳሙናው ብቻውን አይሠራም። አንዱን ጫፍ በግራ እጅ ይዛችሁ መሀሉን፣ ሽንት የሚያርፍበትን ቦታ፣ በቀኝ እጅ ደጋግማችሁ እሹ። ጫፎቹ ያን ያህል አይቆሽሹም።

የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ደረቅ የልብስ ሳሙና ነጭ ዝቃጭ ጨርቁ ላይ ይተዋል። ዱቄቱ ይሻላችኋል።

ሦስተኛና አራተኛ፣ ማለቅለቅ። ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ። በአራተኛው ዙር ውሃው አረፋ ካለው አንድ ጊዜ ጨምሩ። ጨርቁ ላይ የቀረ ሳሙና ሁለት ጉዳት አለው፦ ቆዳን ያሳክካል፣ ጨርቁንም ሽንት እንዳይመጥ ያደርገዋል። የመጨረሻውን ውሃ ግን አትድፉት። በባልዲ አስቀምጣችሁ ለሽንት ቤት ማፍሰሻ ወይም ለበረንዳ መጥረጊያ ተጠቀሙበት።

በወር አንድ ጊዜ በመጨረሻው ዙር ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጠብ ማድረግ የቀረ ሳሙናና አሞኒያን ያወጣል።

ማሽን ያላችሁ፦ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ አለቅልቁ፣ ከዚያ በ60 ዲግሪ ሙሉውን ዙር አስኪዱት። ማሽኑ ሲሞላ ብቻ እጠቡ፤ ግማሹን ባዶ ማስኬድ ውሃውንም መብራቱንም ያባክናል።

ደረጃ 7፦ ማድረቅ

በበጋ ፀሐይ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ፀሐይ ጀርም ትገድላለች፣ ቢጫ እድፉንም ታነጣለች። እድፉ ያልለቀቀውን እንደረጠበ አስጡት፣ ማታ ስትሰበስቡት ብን ብሎ ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። እኔ በመጀመሪያ ሳምንት በእድፍ ተጨንቄ ስፈትግ እውል ነበር። እናቴ መጥታ አየችኝና «ለፀሐይ ስጪው፣ አንቺ ልጅሽን አጥቢ» አለችኝ። ልክ ነበረች።

ክረምት ግን ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጨርቁ ሁለት ቀን ይፈጃል። ለዚህ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። ከ20ው ላይ 6 ጨርቅ ጨምሬያለሁ። በፎጣ ጠቅልዬ በእግሬ እረግጥና ውሃውን አስመጥጠዋለሁ። ከዚያ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ አሰጣና በመጨረሻ በካውያ እጨርሰዋለሁ። እርጥብነቱ የቀረ ጨርቅ አጥፎ ማስቀመጥ ሻጋታ ያመጣል፤ የሻጋታ ነጠብጣብ ደግሞ አይለቅም። ሽፋኑንና ላስቲክ ያለበትን ግን ካውያ አታስነኩት።

ደረጃ 8፦ ሌሊትና መንገድ

ሌሊት ሦስት ማዕዘኑን ባለ ሁለት ለጥፍ አድርጋችሁ እሰሩ። ልጁ ሌሊት ብዙ የሚሸና ከሆነና እንቅልፉን ካቋረጠው የሚጣለውን ለሌሊት ብቻ ተጠቀሙ። ሕፃናት ማቆያ ሲውል፣ ክፍለ ሀገር ስትሄዱ፣ ልጁ ሲታመም እንዲሁ። በቀን ከስድስቱ አምስቱን በጨርቅ ከተካችሁ በወር 150 ዳይፐር አልገዛችሁም ማለት ነው። የሚጣለውንም ስትጥሉ ሰገራውን ሽንት ቤት አራግፋችሁ ጠቅልሉት። ዳይፐሩን ራሱን ሽንት ቤት አትጨምሩ፣ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና መስመሩን ይደፍናል።

ማስጠንቀቂያ

የባልዲ ውሃ። መቆም የጀመረ ልጅ ባልዲ ውስጥ በጭንቅላቱ ከወደቀ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ እንኳ ሊሰጥም ይችላል። ባልዲው ሁልጊዜ ክዳኑ ይገጠም፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ይዘጋ። ስልክ ጠርቶ ስትነሱ ሳፋውን ድፉት ወይም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ሁለቴ አንብቡት።

የፈላ ውሃ። ስታዞሩ ልጁ ሌላ ክፍል ይሁን፣ በእቅፋችሁም አይሁን።

በረኪና። በየቀኑ አያስፈልግም። ተቅማጥ ወይም የፈንገስ ሽፍታ ሲኖር ብቻ ተጠቀሙ። 5 ፐርሰንት የሆነውን 100 ሚሊ ሊትር በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅላችሁ፣ ታጥቦ የተለቀለቀውን ጨርቅ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉና ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ሽንት ያለበት ጨርቅ ላይ በጭራሽ አታፍስሱት፤ ከአሞኒያው ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ከአቼቶና ከሎሚ ጋርም እንዲሁ። መስኮት ክፈቱ።

ከሰል። ክረምት ላይ ጨርቅ ለማድረቅ ብላችሁ ከሰል በተዘጋ ክፍል አታያይዙ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል።

ፌስታል። ሽፋን አጣሁ ብላችሁ ፌስታል ልጁ ላይ አትሰሩ። ሙቀቱ ቆዳውን ይልጠዋል፣ ከተፈታም አፉን ሊያፍነው ይችላል።

ሽፍታ። መቅላት ካያችሁ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ በውሃ ብቻ እጠቡ፣ ያለ ዳይፐር አናፍሱት። በሦስት ቀን ካልቀነሰ፣ እጥፋቱ ውስጥ ደማቅ ቀይ ሆኖ በዙሪያው ትንንሽ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ትኩሳት ካለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*ማለስለሻ መጨመር።* ልጄ አምስት ወሯ ሳለ ጨርቁ ጥሩ መዓዛ ይኑረው ብዬ የልብስ ማለስለሻ ጨመርኩ። በሦስተኛው እጥበት ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አፈሰሰች። ቤት ገብቼ አንድ ጠብታ ውሃ ጣልኩበት። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ክብ ሆና ቁጭ አለች። ማለስለሻው ክሩን በቅባት ሸፍኖታል። ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ ካጠብኩት በኋላ ነው መምጠጥ የጀመረው። የእናንተ ጨርቅ ድንገት ማፍሰስ ከጀመረ መጀመሪያ ይህችን የጠብታ ሙከራ አድርጉ።

*ቫዝሊን ወይም ቅባት ጨርቅ ላይ ማስነካት።* ጉዳቱ ከማለስለሻው ጋር አንድ ነው። መቀባት ካስፈለገ ገበሩን በመሀል አድርጉ፣ ገበሮቹንም ለብቻ እጠቡ።

*ሳሙና ማብዛት።* ሽታ ሲኖር ሳሙና መጨመር ይቀናናል። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ማለቅለቁ ነው። ጨርቁ ደርቆ ሳይሸት ልጁ እንደሸናበት የሚሸት ከሆነ በደንብ አልጸዳም ወይም ሳሙና ቀርቶበታል።

*ከሌላ ልብስ ጋር መዘፍዘፍ።* ለየብቻ ይታጠብ፤ የሰገራ ጀርም ወደ ሌላው ልብስ ይዛመታል። ሲያልቅ ሳፋውን በሳሙና እጠቡት፣ እጃችሁንም እንዲሁ።

*በአንድ ቀን ሁሉንም መቀየር።* 20 ጨርቅ ከመስፋታችሁ በፊት ካረጀ አንሶላ 6 ብቻ ቁረጡና አንድ ሽፋን ግዙ። አንድ ሳምንት ቤት ስትውሉ፣ ቀን ቀን ብቻ ሞክሩት። ልጃችሁ በቀን ስንቴ እንደሚሸና፣ የቤታችሁ ውሃ እንዴት እንደሚበቃ ያኔ ይታያችኋል። አቡጀዲውን ከዚያ በኋላ ግዙ።